ሦስተኛው ሲዲ

የጥርስ ሳሙና ሲሸተኝ ፊልም ትዝ ይለኛል። ሰው ፈንዲሻ ሲሸተው ፊልም ቢያስታውስ ያምርበታል፤ እኔ ግን እንዲህ ነኝ። ባለፈው ሳምንት አንድ ጠዋት፣ ድሬዳዋ ሳቢያን ሰፈር ባለው ቤታችን ብሩሼ ላይ ሳሙናውን ስጨምቅ ስልኬ ጮኸ። ዋና አዘጋጃችን ነበር። ለአዲስ ዓመት ዝግጅት እያንዳንዱ ጋዜጠኛ በዓመቱ ካያቸው ፊልሞች በጣም የወደደውንና በጣም የጠላውን መርጦ በአጭሩ እንዲጽፍ ፈልጓል።

«ቀለል ያለ ነገር ይሁን» አለኝ። «አንቺ ሁልጊዜ ጎርፍና ችሎት ነው። አንዴ እንኳ ፈገግ አድርጊን እንጂ!»

«ዘንድሮ አንድም ፊልም አላየሁም።» እውነቴን ነበር።

«እንግዲያው የድሮ ጻፊያ!»

ስልኩን ዘጋሁት። ሽታው መታጠቢያ ቤቱን ሞልቶታል። የአዴ ቪዲዮ ቤት ከነሙቀቱና ከነጨለማው መጣብኝ። እንደሆነው አድርጌ ልንገራችሁ። በሥራዬ የለመድኩት ይህንን ነው፤ ማሳመር አልችልበትም።

አዴ የምንላት የድሮ ጎረቤታችን የምትኖረው ከደረቁ የደቻቱ ወንዝ አሸዋ ፊት ለፊት ነበር። ሳሎኗንና ጓዳዋን የሚለየውን ግድግዳ አስፈርሳ አንድ ሰፊ ክፍል አድርጋ ፊልም ታሳይበታለች። አዴ እኛ ዘንድ ለእናትና ለተከበረች ሴት የሚባል ነው። አንቱታ ግን ከተማችን ውስጥ ብዙም ስለማይገባ፣ ትንሽ ትልቁ አዴን «አንቺ» ይላታል፤ እሷም ትንሽ ትልቁን በእኩል ትቆጣለች።

ከምሳ በኋላ ድሬ ትተኛለች። ሱቁ ይዘጋል፣ ውሻው ኒም ዛፍ ሥር ይዘረጋል፣ የቆርቆሮው ጣሪያ ከሙቀቱ የተነሳ ጠሽ ጠሽ ይላል። ያን ጊዜ ነበር ወደ አዴ ቤት የምንሄደው። በሩ ላይ የተሰቀለውን ብርድ ልብስ ገልጦ የገባ ሰው ለጥቂት ጊዜ ምንም አያይም፤ በእግሩ እየዳበሰ ቦታ ይፈልጋል። የሚጠብቀው የላብ፣ በዘይት የተጠበሰ ባጂያና የተቆላ ኦቾሎኒ ሽታ ነው። አንድ ክንፉ የተሰነጠቀ ቬንትሌተር ቀጭ ቀጭ እያለ ይዞራል። ዓይን ሲለምድ በመጀመሪያ የሚታየው የሰው ግንባር ነው፤ ከቴሌቪዥኑ ብርሃን ሰማያዊ የሆነ፣ የሚያብረቀርቅ ግንባር። ወንዶቹ ከኋላ አግዳሚ ላይ ይቀመጣሉ። ሴቶችና ልጆች ከፊት ሰሌን ላይ።

የሕንድ ፊልም የሚመጣው በሦስት ሲዲ ተከፍሎ ነው። ከጅቡቲ በባቡር፣ በነጋዴ ሴቶች ወገብ ላይ ታስሮ ስለሚገባ፣ ድሬ ሲደርስ አንዱ መቧጨሩ አይቀርም። ምስሉ መሐል ላይ ቀጥ ይላል፤ ጀግናው አፉን ከፍቶ ይቀራል። ያን ጊዜ አዴ ትነሳለች። ሲዲውን ታወጣና በአሮጌ ነጠላ ቅዳጅ የጥርስ ሳሙና ትቀባዋለች። ከመሐል ወደ ዳር በዝግታ ታሸዋለች፣ በውሃ ታለቀልቀዋለች፣ ደረቷ ላይ ታደርቀዋለች። «ቢስሚላሂ» ብላ ትመልሰዋለች። ይሠራል። «ጥርስን ያነጣ ሲዲን ምን ያቅተዋል!» ትላለች። የአዴ ቤት የሚሸተው እንግዲህ እንዲህ ነበር።

የቪዲዮ ቤቱ ተርጓሚ ወንድሜ ነበር።

ከቴሌቪዥኑ በስተቀኝ ሪሞቱን ይዞ ይቆማል። ሂንዲውን የተማረው ከፊልሞቹ ነው። «ማን አስተማረህ?» ሲሉት «አክትረሷ» ይላል። የሁሉንም ድምፅ እሱ ነው የሚሠራው፤ ልጅቷን በቀጭኑ፣ አባቷን በጎርናናው። ክፉውን ሰውዬ ሁልጊዜ የትምህርት ቤታችንን ዩኒት ሊደር ድምፅ ይሰጠዋል፤ ሰውዬው አፉን ሲከፍት ተማሪው በሳቅ ይሞታል። ቀልዱ በአማርኛ ካላሳቀ በሶማሊኛ፣ በሶማሊኛ ካላሳቀ በኦሮምኛ ይደግመዋል።

የቤቱ ሕግ አንድ ነበር። ፊልሙን ማቋረጥ ነውር ነው፤ ተርጓሚውን ማቋረጥ ግን የሁሉም መብት ነው። አንድ ፊልም ደጋግሞ ስለሚታይ ሰዉ ሁሉ በቃሉ ይዞታል። ወንድሜ አንዲት ቃል ቢያዛንፍ ከኋላ ጩኸት ይነሳል። የጩኸቱ አለቃ አግዳሚው ጫፍ ላይ የሚቀመጠው ባጃጅ ነጂ ነበር።

«ዋርያ! እንደዛ አላለችም። ‹አልወድህም› ነው ያለችው።»

«አንተ ሂንዲ የት ታውቅና ነው?» ይለዋል ወንድሜ ወደ ኋላ ሳይዞር።

«ፊቷ አማርኛ ነው፣ አላይም እንዴ!»

«ና ተርጉም እንግዲህ።»

«አቦ አትነጅሰና፣ ቀጥል!»

ይህ በየቀኑ ነው። ተርጓሚው ሲሳሳት ዝም ያለ ሰው በዚያ ቤት አይቼ አላውቅም። ይህን ልብ በሉልኝ።

ጳጉሜ ላይ ምርጫ አለ። አዴ መብራት ታበራና መሐል ቆማ በዓመቱ የታዩትን ፊልሞች አንድ በአንድ ትጠራለች። የፊልሞቹን ስም ማንም ስለማያውቅ እኛው ባወጣንላቸው ነው የምትጠራቸው፤ «የመንታዎቹ»፣ «የዝሆኑ»፣ «ሰርጉ የፈረሰው»። የወደደ ያጨበጭባል፣ የጠላ ያፏጫል። ዳኛው የአዴ ጆሮ ነው፤ ይግባኝ የለውም። በጣም የተወደደው ፊልም ለእንቁጣጣሽ ከሰዓት ለሰፈሩ ሁሉ በነፃ ይታያል። በጣም የተጠላው ደግሞ ይቀጣል፤ ሲዲው ለባጃጅ ነጂው ይሰጠውና ባጃጁ መስታወት ላይ በክር ተንጠልጥሎ እስከሚቀጥለው ጳጉሜ ከተማውን ሲዞር ይከርማል።

በዚያ ዓመት የሚቀጣው ማን እንደሆነ ማንም አልተጠራጠረም። አንድ የፈረንጅ ፊልም መጥቶ ነበር። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በረዶ ነው። ዘፈን የለ፣ ሰርግ የለ፣ አንድ ሰውዬ በበረዶ ውስጥ ይሄዳል፤ አይናገርም። ወንድሜ የሚተረጉመው ሲያጣ የእግሩን መተርጎም ጀመረ።

«እየሄደ ነው» አለ።

«እሱንማ እያየን ነው!»

ትንሽ ቆየና፣ «አሁንም እየሄደ ነው።»

«አቦ፣ ሹራብ አምጡልን!» ብሎ ባጃጅ ነጂው በዚያ ሙቀት ተንቀጠቀጠ። አዴ እየሳቀች ቬንትሌተሩን አጠፋችው። ፊልሙ እስኪያልቅ ወንድሜ የሚለውን የሰማ የለም።

የተመረጠው «የመርከበኛው» ነው። በባሕር ዳር መንደር የሚኖር ልጅ እናትና አባቱን፣ አዲስ ያገባትንም ሙሽራ ትቶ በመርከብ ይሄዳል። ሁለቱ ሲዲዎች ዘፈንና ጨዋታ ናቸው። ሦስተኛው ላይ አንድ ጓደኛው የልጁን ቦርሳ ይዞ በዝናብ ይመጣል፤ ባሕር ወስዶታል። ሙሽራይቱ አንባሮቿን ሰብራ ነጭ ትለብሳለች። ነጭ በሕንድ ፊልም ሐዘን መሆኑን የአዴ ቤት ሰው ሁሉ ያውቃል፤ ነጩ ሲመጣ ሰሌኑ ላይ ያለችው ሴት ሁሉ ታለቅሳለች። በማልቀሳቸው ነው የመረጡት።

«የበረዶው» በተጠራ ጊዜ ግን፣ በፉጨቱ መሐል አንድ ሰው ሲያጨበጭብ ሰማን። ወንድሜ ነበር። ብቻውን።

ወደ ቤት ስንሄድ «ምኑ ደስ አለህ?» አልኩት።

«ሰውየውን ማንም አያውቀውም» አለ። «የትም ቢሄድ ‹የማን ልጅ ነህ?› የሚለው የለም።»

ለምን እንዲህ እንዳለ አውቅ ነበር። ከእንቁጣጣሽ በኋላ ባለው ሳምንት ሊሄድ ነው። ለእናታችን የነገራት ጅቡቲ ደርሶ፣ ትንሽ ዕቃ ይዞ እንደሚመለስ ነው፤ ያ በድሬ ገበያ እንደመሄድ ያለ ነገር ነው። እውነተኛው መንገድ ግን ከጅቡቲ ዳርቻ በጀልባ ባሕሩን ተሻግሮ ዓረብ አገር ነበር። ደላላው ተገኝቷል። አሥራ ሁለተኛን ከጨረሰ ሰንብቷል፤ ሥራ የለም። ዛሬ ኢንዱስትሪ ፓርኩ የቆመበት በኩል ያን ጊዜ ፍየል የሚሰማራበት ሜዳ ነበር። መሄዱን እኔ አውቃለሁ፣ አዴ ታውቃለች፣ ባጃጅ ነጂው ያውቃል። ሰፈሩ ያውቃል። እናቴ ብቻ አታውቅም።

ለምን እንዳልተነገራት ልንገራችሁ። አባቴ የባቡር ሠራተኛ ነበር። ሲሞት እናቴ ጥቁር ለበሰች፤ ዓመቱ ሲያልፍም አላወለቀችም፣ ሁለተኛውም ሲያልፍ። በዚያ ሙቀት ከአንገት እስከ እግር ጥቁር። ሰው መክሯት፣ ቄስ መክሯት እንቢ ብላለች። በመጨረሻ ወንድሜ ከትርጉም ካገኛት አጠራቅሞ፣ ጥለቱ አረንጓዴ የሆነ ነጭ የሐበሻ ቀሚስ ገዝቶ አመጣና ጉልበቷ ላይ አስቀመጠው። «ለእንቁጣጣሽ ይህን ካልለበስሽ እኔም በዓል የለኝም» አላት። ቀሚሱን በጣቷ ስትዳብስ ቆየችና «እሺ» አለች። እንደሚሄድ ብታውቅ ነጩን አትነካውም፤ እሱንም ከበር አታሳልፈውም። እሱ የሚያውቀው ይህን ነበር።

እንቁጣጣሽ ጠዋት አዴ እንኳን አደረሳችሁ ልትል መጣች። እናቴን በነጭ ስታያት እልል አለች፤ እጇንም ይዛ አልለቅም አለች።

«ዛሬ እኔ ቤት ትመጫለሽ።»

«ጨለማ ውስጥ ተቀምጬ ምን ላደርግ?»

«ልጅሽ የሚሠራውን ሥራ አንድ ቀን እንኳ ሳታዪ? ወላሂ ካልመጣሽ መብራቱን አላበራም።»

«ፊልም መብራት ጠፍቶ አይደለም እንዴ የሚታየው?» አለች እናቴ። ተሳሳቁ። አዴ ያን ጊዜ የትኛው ፊልም እንደሚታይ ያሰበችው አይመስለኝም። እኔ አስቤአለሁ። ምን እንደምል ግን አላወቅሁም።

ከሰዓት ቤቱ ጢም ብሎ ሞልቶ፣ ወንድሜ የመጀመሪያውን ሲዲ ሊያስገባ ሲል ብርድ ልብሱ ተገለጠ። ከውጭ በገባው ብርሃን ውስጥ እናቴ ነጭ ለብሳ ቆማለች። ወንድሜ ሪሞቱን እንደያዘ ደርቆ ቀረ።

ባጃጅ ነጂው ከአግዳሚው ተነስቶ ቦታውን አራገፈ። «ማዘር፣ እዚህ። ንፋሱ የሚመጣው እዚህ ጋ ነው።» እሱ አጠገቧ ተጠጋግቶ ተቀመጠ።

ሁለቱ ሲዲዎች እስኪያልቁ ወንድሜን እንደዚያ ሲተረጉም ሰምቼው አላውቅም። ሙሽራይቱን ሲሠራ ሴቶቹ ተንጫጩ፤ አባትየውን ሲሠራ ሽማግሌዎቹ ሳቁ። ባጃጅ ነጂው ሁለት ጊዜ አረመው፤ እናቴ ወደ ጎን ዞራ «ተው ልጄን አትነካካው!» አለችው፤ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። በነጠላዋ አፏን ሸፍና ትስቅ ነበር። እኔ ፊልሙን አላየሁም። እሷን ነበር የማየው። ከአባቴ ሞት በኋላ ጥርሷን ያየሁት ያን ቀን ነው።

ሁለተኛው ሲዲ መርከቡ ሲነሳ አለቀ። ወንድሜ ማጫወቻውን ከፈተና ሲዲውን አወጣ። ሦስተኛውን አንስቶ ወደ ብርሃኑ አዞረው።

«ይሄ ተቧጭሯል» አለ። «አይሠራም። እንግዲህ እዚህ ላይ ይብቃን፤ መልካም በዓል።»

«እንዴ! ትናንት ሠርቷል እኮ» አለ አንዱ ከኋላ።

«ዛሬ አይሠራም።»

እናቴ አንገቷን ቀና አደረገች። «ታዲያ ልጁ ይመለሳል ወይስ አይመለስም? እንዲህ አንጠልጥላችሁኝ ልትሸኙኝ ነው?»

አዴ ተነሳች። «በእኔ ቤት ያልሠራ ሲዲ የለም!»

«አዴ፣ ተይው» አላት ወንድሜ ዝግ ብሎ።

«ምን ተይው ትለኛለህ፣ እንግዳ ይዘን!» ሲዲውን ከእጁ ወሰደች። ቱቦውን ከመደርደሪያው አወረደች። ሽታው ቤቱን ሞላው። ወንድሜ ግድግዳውን ተደግፎ እጇን ያያል፤ ከመሐል ወደ ዳር፣ በዝግታ። ወደ ባጃጅ ነጂው ዞርኩ። እሱ ወንድሜን አየ፣ እናቴን አየ፣ ከዚያ መሬቱን አየ። ገብቶታል።

«ቢስሚላሂ» አለች አዴ።

ሠራ።

ዝናብ ይዘንባል። አንድ ሰው ቦርሳ ይዞ ደጃፉ ላይ ቆሟል። እናትየው በሩን ከፈተች። ሰውየው ዓይኑን ከመሬት ሳያነሳ አንድ ሁለት ቃል ተናገረ። እናትየው የበሩን መቃን ያዘች።

ወንድሜ አልተረጎመም። ቬንትሌተሩ ቀጭ ቀጭ ይላል። አዴ ማጫወቻው አጠገብ ቱቦውን እንደያዘች ቆማለች። አሁን እሷም ገብቷታል፤ ቱቦውን ጭብጥ አድርጋ ስለያዘችው ሳሙናው በጣቶቿ መሐል ይወጣ ነበር። አላየችውም።

«ምን አለ?» አለች እናቴ።

ወንድሜ ከግድግዳው ተላቀቀ። ቦርሳ በያዘው ሰውዬ ድምፅ፣ «‹እናቴ፣ ልጅሽ ልኮኝ ነው› ይላል። ‹ቦርሳውን አስቀድሞ ላከ። ሥራ ይዞት ነው እንጂ ደህና ነው። ለሚመጣው በዓል ይመጣል።›»

«ታዲያ ምነው አለቀሰች?»

«ደስ ብሏት ነው፣ እማዬ።»

እማዬ ያለው በራሱ ድምፅ ነው። በዚያ ቀን ፊልሙ እየሄደ በራሱ ድምፅ ሲናገር ያ የመጀመሪያው ነበር።

ጩኸቱን ጠበቅሁ። ይህ ሰው ሁሉ ፊልሙን በቃሉ ያውቀዋል፤ መርጦታል፤ ያለቀሰበት ቦታ ይህ ነው። አንዲት «አልወድህም» ስትዛነፍ ቤቱን የሚያናውጥ ሰው ነው። ማንም «ዋርያ» አላለም። ማንም አልሳለም። ሰሌኑ ላይ ያሉት ሴቶች ነጠላቸውንና ሻሻቸውን ወደ ፊታቸው ሳብ ሳብ አደረጉ።

ሙሽራይቱ አንባሮቿን ከግድግዳው ጋር እያጋጨች ሰበረች።

«ምን ሆና ነው?» አለች እናቴ።

«አሮጌ ናቸው። ለበዓሉ አዲስ ልታደርግ ነው።»

ከዚያ ነጩ መጣ። ሙሽራይቱ ነጭ ለብሳ ወደ ባሕሩ ስትሄድ። እናቴ የሕንድ ፊልም አይታ አታውቅም። የእኛ ሰው ሲያዝን ጥቁር ነው የሚለብሰው፤ እሷም ነጭ ስትለብስ በዓል ሆኖላት ነው።

«ነጩ አማረባት» አለች። «እንደ እኔ ለብሳ ልትቀበለው ነው። አይደል ልጄ?» የጠየቀችው አጠገቧ ያለውን ባጃጅ ነጂ ነው።

እሱ አግዳሚውን በሁለት እጁ ያዘ። በከተማው ውስጥ እንደሱ አፉ የማያርፍ ሰው አልነበረም።

«በጣም ነው ያማረባት፣ ማዘር» አለ።

ሲያልቅ ሰዉ እንደ ወትሮው እየተጋፋ አልወጣም። አንድ በአንድ እናቴ ጋ እየመጡ እንኳን አደረሰሽ ብለው ሄዱ። ወንድሜና እናቴ ከፊቴ ይሄዱ ነበር። ክንዱን ይዛዋለች።

«ሲመጣ ግን አላሳዩንም» አለችው።

«ሲዲው አልቆ ነው።»

«አራተኛም ይኖረዋል። ጅቡቲ ስትሄድ ፈልገህ አምጣልኝ።»

«እሺ» አላት።

በሄደ ቀን የወሰደው ያው ባጃጅ ነው። እናቴ በር ላይ ቆማ ለመንገድ የሚሆን ዳቦ በፌስታል ሰጠችው። የበረዶው ፊልም ሲዲ መስታወቱ ላይ ተንጠልጥሎ ይወዛወዛል፤ ፀሐይ ሲያርፍበት የሚሰጠው ብርሃን ከወንድሜ ጉንጭ ወደ አንገቱ፣ ከአንገቱ ወደ እጁ ይመላለስ ነበር። ባጃጅ ነጂው አልቀለደም። ባጃጁ ወደ ባቡር ጣቢያው በሚወስደው መንገድ ታጠፈ። እኔ የማውቀው እስከዚያ ነው።

ቀሪውን እንደ ባለሙያ ፈልጌአለሁ። ጋዜጠኛ ከሆንኩ በኋላ ተመላሾች በመጡ ቁጥር ፎቶውን ይዤ ሄጃለሁ። አንዱ ከዳርቻው ጀልባ ላይ ሲወጣ አይቼዋለሁ አለኝ፤ ያ ጀልባ ይድረስ አይድረስ አያውቅም። ሌላው ዓረብ አገር ገበያ ውስጥ የስልክ ካርድ ሲሸጥ አይቼዋለሁ ብሎ ማለልኝ፤ ወንድሜ ከግራ ቅንድቡ በላይ ጠባሳ አለው፤ የት እንደሆነ ስጠይቀው ግን ሰውዬው በቀኙ በኩል አሳየኝ። ሁለቱንም አላረጋገጥኩም። ያላረጋገጥኩትን አልናገርም፤ ለእናቴም አልተናገርኩም። ምን እንደሚሰማኝ የሚጠይቁኝ አሉ። ሥራ እገባለሁ፣ እወጣለሁ። የሌላ ሰው ልጅ የጠፋበት ቤት ሄጄ ዘገባ እሠራለሁ።

እናቴ ጥቁር አልለበሰችም። ያ ቀሚስ ጥለቱ ደብዝዞ፣ እጅጌው ተቀይሮ ዛሬም አለ፤ በየእንቁጣጣሹ ትለብሰዋለች። ጎረቤት ሲጠይቃት «ሥራ ይዞት ነው» ትላለች። የአዴ ቤት ዛሬ የሞባይል መጠገኛ ነው። እናቴ ግን ፊልም ለመደች። በአማርኛ የተተረጎሙትን የሕንድ ተከታታዮች በየቀኑ በዲሽ ታያለች፤ የየቤተሰቡን ጣጣ በቃሏ ይዛዋለች። አንድ ቀን ከሥራ ገብቼ ጫማዬን ሳወልቅ ዓይኗን ከቴሌቪዥኑ ሳታነሳ፣ «ይቺ ደግሞ ነጭ ለበሰች። ባሏ ሞቶባት ነው» አለችኝ።

አንዱን ጫማ በእጄ እንደያዝኩ ቆምኩ። ሌላ የምትለው ይኖራል ብዬ ነበር። «እራት እናቅርብ» አለች።

ይህ የዛሬ ስንት ዓመት ነው። ተነጋግረንበት አናውቅም።

ዋና አዘጋጁ በደወለ ቀን ከሰዓት እረፍት ነበርኩ። «የመርከበኛውን» ስልኬ ላይ ፈለግሁት። ስሙን ስለማላውቅ ቆየሁ፤ ታሪኩን በእንግሊዝኛ እየጻፍኩ ስሞክር በመጨረሻ አገኘሁት። ማናችንም ሰምተነው የማናውቀው ስም አለው። በሦስት አልተከፈለም፤ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ወጥ ነው፤ ከሥሩ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ አለው። የመጀመሪያው ዘፈን ሲጀምር እናቴ ከጓዳ ግድግዳውን እየተደገፈች ወጣች።

«የመርከበኛው ነው» አለች።

ከቴሌቪዥኑ ጋር አገናኘሁትና አጠገቧ ተቀመጥኩ። መስኮቱን ዘጋሁ። ቬንትሌተሩን አበራሁ።

«ተርጉሚልኝ» አለችኝ።

እኔ ድምፅ መቀያየር አልችልም። ጽሑፉን እንደ ዜና አነበብኩላት። «እዚህ ጋ እሱ ያስቅ ነበር» አለች አንድ ቦታ። ሌላ ቦታ ደግሞ «አዴ ነፍሷን ይማር፣ እዚህ ጋ ታጨበጭብ ነበር።» መርከቡ ተነሳ። እዚህ ላይ የሚወጣ ሲዲ የለም፤ የሚታሽ የለም። ፊልሙ ዝም ብሎ ቀጠለ።

ዝናብ ዘነበ። ሰውየው ቦርሳውን ይዞ መጣ። ከሥሩ ያለው ጽሑፍ አጭር ነበር፤ ልጅሽን ባሕር ወሰደው ይላል። በሥራ ዘመኔ የተባለውን ቀይሬ ጽፌ አላውቅም።

«ምን አለ?» አለች እናቴ።

«‹ቦርሳውን አስቀድሞ ላከ› ይላል። ‹ደህና ነው። ለሚመጣው በዓል ይመጣል።›»

ራሷን ነቀነቀች። ሴትየዋ ለምን እንደምታለቅስ አልጠየቀችኝም። ሙሽራይቱ አንባሮቿን ስትሰብርም አልጠየቀችኝም። ነጩ ሲመጣ ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ አስተካከለች፤ እጇን ጉልበቴ ላይ አሳረፈች።

«ነጩ አማረባት» አለች።

ወደ እሷ ዞርኩ። እሷ የምታየው ቴሌቪዥኑን ነው። ዓይኗ ደረቅ ነበር፤ መልሴን ትጠብቃለች።

«በጣም ነው ያማረባት፣ እማዬ» አልኳት።